አሸዋው የማን ነው? የደቡብ ታይላንድ የባሕር ዳርቻ ወረዳዎችና አስተዳደራቸው

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በደቡብ ታይላንድ የባሕር ዳርቻ ስላሉ ወረዳዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ሰነድ ‹አምፐ› ይላል፣ ሌላው ‹ቴሳባን›፣ ሌላው ደግሞ ‹ኦ ቦ ቶ›። ሦስቱም በአንድ ቦታ ላይ ሥልጣን ያላቸው ይመስላል። ለመሆኑ ባሕር ዳርቻውን የሚያስተዳድረው ማን ነው? ሕዝቡስ የሚመርጠው የትኛውን ነው?»

ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም። በታይላንድ በአንድ መሬት ላይ ሁለት የአስተዳደር መስመሮች ተደራርበው ተዘርግተዋል። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ሰነድ ማንበብ የጀመረ ሰው ሁሉ እርስዎ የደረሱበት ቦታ ይደርሳል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወረዳውን፣ ማለትም አምፐውን፣ ሕዝብ አይመርጥም። ወረዳው የባንኮክ እጅ ነው። ሕዝብ የሚመርጠው በከተማ ቴሳባንን፣ በገጠር ኦ ቦ ቶን ነው። አሸዋውና ውኃው ላይ ሲደረስ ግን የተመረጡት ሰዎች ሥልጣን በጣም ይጠብባል። ጽሑፍዎን በዚህ ላይ ቢያተኩሩት ደስ ይለኛል፤ የነዋሪው ሕይወት የሚወሰነው እዚያ ጋ ነውና።

ከላይ ወደ ታች ከሚወርደው መስመር እንጀምር። ታይላንድ ከባንኮክ ሌላ 76 ክፍላተ ሀገር አላት። ክፍለ ሀገር በታይኛ ቻንግዋት ይባላል። በደቡብ 14 አሉ። ያላ ባሕር አትነካም፤ ፓታሉንግም የምትነካው የሶንግክላን ሐይቅ ነው። የቀሩት 12ቱ የባሕር ዳርቻ አላቸው። ራኖንግ፣ ፓንግ ንጋ፣ ፑኬት፣ ክራቢ፣ ትራንግና ሳቱን በምዕራብ በአንዳማን ባሕር በኩል ናቸው። ቹምፖን፣ ሱራት ታኒ፣ ናኮን ሲ ታማራት፣ ሶንግክላ፣ ፓታኒና ናራቲዋት ደግሞ በምሥራቅ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ላይ ናቸው።

የክፍለ ሀገሩን ገዥ የሚመድበው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። በአገሪቱ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጠው የባንኮክ ገዥ ብቻ ነው። ከገዥው ሥር የወረዳው አስተዳዳሪ አለ፤ ናይ አምፐ ይሉታል። እሱም የሚኒስቴሩ ሠራተኛ ነው። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ወረዳው በታምቦን፣ ታምቦኑ በመንደር ይከፈላል። የመንደሩ ሹም ፑ ያይ ባን ይባላል፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው እንደማለት ነው። ከመንደር ሹሞቹ አንዱ የታምቦኑ አለቃ ይሆናል፤ እሱ ካምናን ነው።

እዚህ ጋ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የመንደሩን ሹም የሚመርጡት ነዋሪዎቹ ናቸው። ከተመረጠ በኋላ ግን 60 ዓመት እስኪሞላው ሊቆይ ይችላል። ወርኃዊ አበሉ ከመንግሥት ነው፣ በሥነ ሥርዓት ቀን የሚለብሰውም የመንግሥት ካኪ ዩኒፎርም ነው። ትእዛዝ የሚመጣለት ከወረዳው ነው። ስለዚህ ተመራጭ ቢሆንም በአስተዳደር ረድፉ የመንግሥት ሰው ነው። በጽሑፍዎ «የአካባቢ ምርጫ» ብለው ሲቆጥሩ ከከንቲባው ጋር እንዳይደምሩት።

ይህ አደረጃጀት ሥሩ ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። ልዑል ዳምሮንግ እ.ኤ.አ. በ1892 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ፣ በየቦታው በዘር ይገዙ የነበሩ መሳፍንትን በደመወዝተኛ ሹም መተካት ተጀመረ። ደቡቡ ውስጥ ይህ ቀላል አልነበረም። ናኮን ሲ ታማራት የራሱ ገዥ ቤት ነበረው። ፓታኒ የማላይ ሙስሊም ራጃዎች አገር ነበር፤ ራጃው እ.ኤ.አ. በ1902 ከሥልጣን ተነሣ። በ1909 ደግሞ ሲያም (የያኔዋ ታይላንድ) እና እንግሊዝ በውል የደቡቡን ድንበር አሰመሩ። በ1914 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር አዋጅ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም ዛሬም ይሠራል። የመንደሩ ሹምና የካምናኑ ሥልጣን አሁንም የሚጠቀሰው ከዚያ አዋጅ ነው።

(መንገዴን ልሳትና አንድ ነገር ልጠቁም። የታይ ሰነዶች ዓመቱን የሚጽፉት በቡድሃ ዘመን ነው፣ ከአውሮፓው በ543 ይበልጣል። 2547 ካዩ 2004 ማለት ነው። እኛ በሁለት አቆጣጠር መኖር ስለለመድን ብዙም አይከብደንም፤ ግን የራሳችንን ዓመት አስገብተው ሦስት እንዳያደርጉት። እኔ እዚህ የጻፍኩት ዓመትም ወርም ሁሉ በአውሮፓው ነው።)

ሁለተኛው መስመር ከታች የሚነሣው ነው። ዋናው መነሻ የ1997ቱ ሕገ መንግሥትና የ1999ኙ ያልተማከለ አስተዳደር ሕግ ናቸው። ሦስት ዓይነት የተመረጠ አካል አለ። በክፍለ ሀገር ደረጃ ኦ ቦ ቾ የሚባል ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት አለ። ከተማ ሲሆን ቴሳባን ነው፤ እሱም በመጠኑ ሦስት ማዕረግ አለው። ትልቁ ቴሳባን ናኮን፣ መካከለኛው ቴሳባን ሙዓንግ፣ ትንሹ ቴሳባን ታምቦን ይባላል። የቀረው ገጠር በ1994ቱ ሕግ የተቋቋመው ኦ ቦ ቶ ነው። የሁሉም መሪ ናዮክ ይባላል፣ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል፣ ለአራት ዓመት ያገለግላል።

የሁለቱ መስመሮች ወሰን አንድ ላይ አይገጥምም። ፑኬት ሦስት ወረዳ ብቻ ነው ያላት፦ ሙዓንግ ፑኬት፣ ካቱ እና ታላንግ። ስሙን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ፓቶንግ ወረዳ አይደለም፤ በካቱ ወረዳ ውስጥ ያለ ቴሳባን ሙዓንግ ነው። በታላንግ ወረዳ ያለው ቸንግ ታሌ ደግሞ አንድ ታምቦን ሆኖ ሳለ ቴሳባንም ኦ ቦ ቶም አለው፤ ታምቦኑ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ካርታ ላይ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ካዩ ስህተት አይደለም።

ኦ ቦ ቶው ነፃ ነው ማለትም አይደለም። ያወጣውን የበጀት ደንብ ናይ አምፐው ካላጸደቀው ሥራ ላይ አይውልም። የተመረጠው ሰው ጠረጴዛው ላይ አርቅቆ፣ ያልተመረጠው ይፈርምበታል። እኔ ለዓመታት ይህን ጉዳይ ሳጠና ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ አሸዋው እንውረድ። ፓቶንግ መንገድ ዳር ቆመዋል እንበል፤ ፊትዎ ወደ ባሕሩ ነው። ከኋላዎ ሆቴል አለ። ሕንፃው ሲሠራ ፈቃድ የሰጠው ቴሳባኑ ነው። ሆቴል ሆኖ እንዲከፈት የፈቀደው ግን ገዥው ነው፣ የሆቴሎች መዝጋቢ እሱ ነውና። የመሬቱ ካርታ፣ ቻኖት የሚሉት፣ ያለው መሬት መሥሪያ ቤት ነው። ከእግርዎ ሥር ያለው የፍሳሽ ቦይ፣ አጠገብዎ ያለው የቆሻሻ ገንዳ፣ ቴሳባኑ ይይዛቸዋል።

ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። አሸዋው ላይ ነዎት። አሸዋው የማንም የግል አይደለም፤ ሕዝብ በጋራ የሚጠቀምበት የመንግሥት መሬት ነው። ሕጉ ጥበቃውን ለናይ አምፐውና ለአካባቢው አስተዳደር በጋራ ይሰጣል። አንድ ሰው አጥር ቢያጥር ሁለቱም ይጠየቃሉ፤ በተግባር ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ሌላ ጥቂት እርምጃ። እግርዎ ውኃ ነካ። ጀልባ ማቆሚያ ድልድይ ልሥራ ቢሉ የሚፈቅደው የባሕር ትራንስፖርቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ክሮም ቻኦ ታ ይሉታል። ኮራሉ የባሕርና የባሕር ዳርቻ ሀብት መምሪያ ነው። ዓሣው የዓሣ ሀብት መምሪያ ነው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ የፓርኩ ኃላፊ አለ። ሁሉም ዋና መሥሪያ ቤታቸው ባንኮክ ነው። ነዋሪው የመረጠው ከንቲባ ከመንገዱ ዳር ብዙም አልራቀም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ወታደሩ ሥልጣን ሲይዝ ፑኬት ላይ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የባሕር ዳርቻዎችን ማጽዳት ነበር። ለዓመታት አሸዋው ላይ በረድፍ ይቀመጡ የነበሩ የኪራይ ወንበሮችና ጃንጥላዎች ተነሡ፤ ምግብ ቤቶችም ፈረሱ። በኋላ ከዳርቻው 10 በመቶው ብቻ ለእንዲህ ያለ ንግድ እንዲውል ተወሰነ። አሸዋው የሕዝብ መሆኑ ትክክል ነው። ነገር ግን ወንበር አከራይታ ልጅ ያሳደገች እናት ጉዳይዋን የምታቀርብበት የራሷ ምክር ቤት አልነበረም። በዚያው ዓመት የአካባቢ ምርጫ ታግዷል። የኦ ቦ ቾ ምርጫ እስከ ታኅሣሥ 2020፣ የቴሳባን እስከ መጋቢት 2021፣ የኦ ቦ ቶ እስከ ኅዳር 2021 (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር) አልተካሄደም። ጊዜያቸው ያለቀባቸው ተመራጮች በወታደሩ ፈቃድ ወንበራቸው ላይ ቆዩ።

ገንዘቡን ካላነሣን ጥያቄው አይዘጋም። በታይላንድ ሰው የሚቆጠረው በቤት ምዝገባ ነው። ታቢያን ባን ይሉታል፤ ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር ናት። ስምዎ በየትኛው ቤት ደብተር ላይ እንዳለ፣ እዚያ ነዎት። ለአካባቢው አስተዳደር ከመንግሥት የሚመጣው ድጎማ በአመዛኙ የሚሰላው በተመዘገበው ሕዝብ ነው። በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ለመስጠትም እዚያው ቢያንስ አንድ ዓመት ተመዝግቦ መቆየት ያስፈልጋል።

አሁን አንዲት የሆቴል አልጋ አንጣፊን ያስቡ። ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከኢሳን የመጣች ናት። ፓቶንግ ስትኖር አሥር ዓመቷ ነው። ደብተሯ ግን እናቷ ቤት ነው። ከተማዋ የእሷን ቆሻሻ ትሰበስባለች፣ ልጇን ታስተምራለች፤ በጀት ሲመጣ ግን የለችም። እሷም ጠዋት ማታ የምትረግጠውን መንገድ የሚሠራውን ከንቲባ አትመርጥም። አጠገቧ የሚሠራው የምያንማር ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠርም። ቱሪስቱን ሲጨምሩበት፣ ለጥቂቱ በተሠፋ ልብስ ብዙው ሊለብስ ይሞክራል ማለት ነው።

ይህ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በቆሻሻ ነው። የፑኬት ደሴት ቆሻሻ በሙሉ የሚሄደው የፑኬት ከተማ ቴሳባን ወደሚያስተዳድረው ሳፓን ሂን ነው። እዚያ ያለው ማቃጠያ በቀን 700 ቶን እንዲያቃጥል የተሠራ ነው። ቱሪዝሙ ከወረርሽኙ በኋላ ሲመለስ የቀኑ ቆሻሻ ከ1,000 ቶን አለፈ። ኮ ሳሙይ የሱራት ታኒ ወረዳ ናት፤ ከ2012 ጀምሮ መላ ደሴቷ ቴሳባን ናኮን ናት። ማቃጠያዋ ተበላሽቶ ከቆመ በኋላ ከ200 ሺህ ቶን በላይ ቆሻሻ ተከምሮ ነበር። ከተማዋ በማዕረግ ትልቅ ናት፤ ቆሻሻውን በጀልባ ወደ ዋናው መሬት ለማሻገር ግን የሌላ አስተዳደር ፈቃድም ሜዳም ያስፈልጋታል። የትኛው ታምቦን የሌላውን ቆሻሻ ልቀበል ይላል?

ገቢ የለም ማለት አይደለም። ከ2020 ጀምሮ አዲሱ የመሬትና የሕንፃ ግብር ለአካባቢው ይገባል። ኦ ቦ ቾውም ከሆቴል እንግዳ ላይ እስከ 3 በመቶ እንዲሰበስብ ሕግ ይፈቅድለታል። በፒ ፒ ደሴት ጀልባ ሲወርዱ ኦ ቦ ቶው 20 ባት ይቀበላል። ግን ልብ ይበሉ፦ ፒ ፒን የሚያስተዳድረው የአኦ ናንግ ኦ ቦ ቶ ነው፣ ቢሮውም ማዶ ዋናው መሬት ላይ ነው። እዚያው አጠገብ ያለው ማያ ቤይ ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከ2018 አጋማሽ እስከ 2022 መጀመሪያ ኮራሉ እንዲያገግም የተዘጋው በፓርኩ መምሪያ ነው። ውሳኔው በኔ እምነት ትክክል ነበር። ሆኖም በዚያ የሚተዳደረው ጀልባ ነጂ ከመረጠው ሰው እጅ የወጣ ውሳኔ አልነበረም።

ደሴት ላይ ርቀት ራሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ኮ ላንታ በክራቢ ሥር ያለች ወረዳ ናት፤ ሁለት ዋና ደሴቶች አሏት። ሕዝቡና ቱሪስቱ የሚበዛው በትልቁ፣ በላንታ ያይ ነው። የወረዳው መሥሪያ ቤት ቀድሞ እዚያ በአሮጌው ከተማ ነበር፣ በኋላ ወደ ትንሹ፣ ወደ ላንታ ኖይ ተዛወረ። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ የተከፈተው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት መታወቂያ ለማሳደስ የፈለገች የላንታ ያይ አሮጊት መሻገሪያ ጀልባ መጠበቅ ነበረባት። ኮ ፓንጋንም ከኮ ሳሙይ ተለይታ ራሷን የቻለች ወረዳ የሆነችው በ1970ዎቹ ነው። ኮ ታኦ ግን ዛሬም በኮ ፓንጋን ወረዳ ሥር ያለች አንዲት ታምቦን ናት።

ስለ 2004ቱ ሱናሚ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ይጎድላል። ታኅሣሥ 26 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ማዕበሉ ስድስቱንም የአንዳማን ክፍላተ ሀገር መታ። ታይላንድ ውስጥ ወደ 5,400 ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ የደረሱበት ጠፋ። ከሁሉ የከፋው ፓንግ ንጋ፣ በተለይ ታኩዓ ፓ ወረዳ ነበር። በዚያ ባንግ ሙዓንግ በተባለ ታምቦን ባን ናም ኬም የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ድሮ የቆርቆሮ ማዕድን ሠፈር ነበረች። ማዕበሉ ቤቶቹን ጠራርጎ ሄደ።

በማግስቱ ሰው የፈለገው የመንደሩን ሹም ነው። ማን በየትኛው ቤት ይኖር እንደነበር የሚያውቀው እሱ ነበርና። እርዳታ ሲከፋፈል ግን ያቺ ሰማያዊ ደብተር ወሳኝ ሆነች። ዜግነት ያልነበራቸው የባሕር ሰዎች፣ ሞከኖች፣ እና ከምያንማር የመጡ ሠራተኞች ከብዙ እርዳታ ቀሩ። ከዚያም መሬቱ ላይ ክርክር መጣ። ለትውልድ የኖሩበትን ቦታ «ካርታ አለኝ» የሚል ባለሀብት መጣባቸው። ባን ናም ኬሞች ግን ተደራጁ። ራሳቸው የማምለጫ መንገድ አወጡ፣ የበጎ ፈቃድ ቡድን አቋቋሙ፣ ልምምድ ጀመሩ። በ2007 የወጣው የአደጋ መከላከል ሕግ ናይ አምፐውንም ቴሳባኑንም ኦ ቦ ቶውንም ኃላፊ አድርጓል። እኔ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ሕግ የሚሠራው እንዲህ ያለ መንደር ሲያገኝ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ደቡብ ዝቅ ሲሉ መልሱ ሌላ መልክ ይይዛል። በፓታኒ፣ በያላ፣ በናራቲዋትና በአራት የሶንግክላ ወረዳዎች ከ2004 ጀምሮ ግጭት አለ። የባሕር ዳርቻዎቹ ነዋሪዎች በአብዛኛው ማላይኛ ተናጋሪ ሙስሊም ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እዚያ ከሁለቱ መስመሮች ሌላ ሦስተኛ አለ፤ የጸጥታው መስመር። በሦስቱ ክፍላተ ሀገር ከ2005 ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ተጥሏል። በላዩም የደቡብ ድንበር ክፍላተ ሀገር አስተዳደር ማዕከል አለ፤ በ1981 ተቋቁሞ፣ በ2002 ፈርሶ፣ እንደገና የተመለሰ ነው። በዚህ መሐል ከወረዳው ትእዛዝ የሚቀበለው የመንደር ሹም ከሁለት ወገን ይጨነቃል። ብዙዎቹ ተገድለዋል።

ከአራቱ የሶንግክላ ወረዳዎች አንዷ ቻና ናት። በዓሣዋና በሚዘምሩ ርግቦቿ የታወቀች ናት፤ ርግብ የሚያረባ ቤት ብዙ ነው። በ2019 መንግሥት እዚያ ትልቅ የኢንዱስትሪ ቀጠና እንዲቋቋም ተስማማ። ጉዳዩን ይዞ የተንቀሳቀሰው ያ ማዕከል ነው እንጂ የባሕር ዳርቻዎቹ ኦ ቦ ቶዎች አይደሉም። በታኅሣሥ 2020 የቻና ዓሣ አጥማጆች ባንኮክ ድረስ ሄደው በመንግሥት ጽሕፈት ቤት አጠገብ ሰፈሩ። በታኅሣሥ 2021 እንደገና መጡ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። መንግሥት በመጨረሻ ሰፊ የአካባቢ ጥናት ይቅደም አለ። ከሶንግክላ እስከ ባንኮክ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ሰው ስለ ገዛ ባሕር ዳርቻው ለመናገር ያን ያህል መንገድ ከሄደ፣ ሥልጣኑ የት እንዳለ ነግሮናል።

ለጽሑፍዎ ምክሬ አንድ ወረዳ ይምረጡ ነው። ደቡቡን በሙሉ ልያዝ ካሉ ስም በስም ላይ ይደራረብብዎታል። ቱሪዝሙና ምዝገባው ከሆነ ፍላጎትዎ ካቱን ይውሰዱ፤ ደሴት ከሆነ ኮ ላንታን። የአደጋው ጉዳይ ከሳበዎት ታኩዓ ፓ አለች፤ ማዕከላዊው መንግሥትና ነዋሪው ሲጋጠሙ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ቻና። ከዚያ የዚያን ወረዳ ታምቦኖች አንድ በአንድ ይዘው የትኛው ቴሳባን፣ የትኛው ኦ ቦ ቶ እንደሆነ ይለዩ። ቴሳባን ናኮንና ሙዓንግ በሆነ ቦታ የመንደር ሹም አይፈልጉ፤ ማዕረጉ ቀርቷል። ነዋሪ ሲያነጋግሩም «ማን ያስተዳድራችኋል?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ስም ይሰጥዎታል። «ጎረቤትህ አሸዋው ላይ አጥር ቢያጥር መጀመሪያ ማንን ትጠራለህ?» ይበሉት። አንዱ የመንደሩን ሹም ይላል፣ አንዱ ከንቲባውን፣ አንዱ ደግሞ 1567 ላይ እደውላለሁ ይላል፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የቅሬታ መቀበያ ቁጥር ነው። የሰጡዎትን መልስ ከነምክንያቱ ይጻፉት። የሚፈልጉት ምዕራፍ እዚያ ውስጥ አለ።